ሃይድሮቫክ ትራክ ላይ ምን ይጫናል? ከካልጋሪ የአንድ ሠራተኛ ተሞክሮ

ባለፈው መስከረም ፎረስት ላውን ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ካልጋሪ ከገባ ሰባት ወር የሆነው ወጣት መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚሠሩበት ትልቅ ቱቦ ያለው መኪና ላይ ረዳት ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ። ሥራው ምንድን ነው?" አለኝ። ስለ ደሞዙና ስለ ብርዱ ጥቂት ነገርኩትና የቀረውን አንድ ሰዓት ስለ ትራኩ የጎን ሳጥኖች አወራሁት። ልጁ ስልኩ ላይ እየጻፈ ነበር የሚሰማኝ። እኔ ስጀምር እንዲህ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያንን ወሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው አልኩ።

ሥራውን ለማያውቅ፣ ሃይድሮቫክ በከፍተኛ ግፊት በሚወጣ ውኃ አፈሩን እያላላ፣ ጭቃውን በትልቅ ቱቦ ስቦ ከኋላው ወዳለው ታንክ የሚያስገባ ትራክ ነው። የሚጠራው ኤክስካቫተር የማይደፈርበት ቦታ ነው፤ መሬቱ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም የፋይበር መስመር ያለበት ቦታ ማለት ነው። ካልጋሪ ባለችበት የካናዳ ግዛት፣ አልበርታ ውስጥ፣ ምልክት ከተደረገበት መስመር ግራና ቀኝ 1 ሜትር ድረስ፣ መስመሩ ተገልጦ በዓይን እስኪታይ በማሽን መቆፈር አይፈቀድም። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ኤክስካቫተር የውኃ መስመር በጥሶ ለቀናት ጀሪካን ይዘን ስንዞር ትዝ ይለኛል። እዚህ የተበጠሰው ጋዝ ከሆነ ነገሩ በጀሪካን አያልቅም።

ትራኩ ላይ ሁለት ሰው ይወጣል፤ ኦፕሬተሩና እዚህ ስዋምፐር የሚሉት ረዳቱ። እኔ አገር ቤት በጅቡቲ መስመር ሦስት ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። ጥሩ ረዳት የመኪናውን ዕቃ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚተኛው። ታኮው የት እንደተቀመጠ፣ ክሪኩ ከየትኛው ወንበር ሥር እንዳለ፣ ትርፉ ፊውዝ በምን እንደተጠቀለለ በጨለማ ዳብሶ ያገኘዋል። ካናዳ መጥቼ ቋንቋው ሲያስቸግረኝ እንኳ ሥራዬን ያቆመልኝ ያ ልማድ ነው። ከጎዴም ሆነ ከሑመራ የመጣችሁ፣ ሹፌርም ሆናችሁ ረዳት፣ የምታውቁትን ትንሽ አትበሉት።

ከዋንዱ ልጀምር። ዋንድ ጫፉ ላይ ውኃ የሚተፋ ረጅም ዘንግ ነው። እኛ ሦስት ዓይነት እንይዛለን፤ አጭሩ 1.5 ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ 3 ሜትር ይሆናል። ለምን ሦስት? ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ተዳፋት ሆኖ ሳይቆረጥ ሰው መግባት በሕግ የተከለከለ ነው። አጭሩን ብቻ ይዞ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ 2 ሜትር ላይ ሲሆንበት "ትንሽ ወረድ ብዬ ልጨርሰው" ማለት ይጀምራል። የረጠበ ግድግዳ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ረጅሙ ዋንድ ሳጥኑ ውስጥ ካለ ያ ሐሳብ ራሱ አይመጣም።

የዋንዱ ማስፈንጠሪያ ሲለቀቅ ውኃው ወዲያው መቆም አለበት። በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ክፍት ሆኖ እንዲቀር የተደረገ ማስፈንጠሪያ ካያችሁ ያንን ዋንድ አትንኩት፤ እጄ ደከመኝ ብሎ ያሰረው ሰው ዋንዱ ካመለጠው የሚያቆመው የለም። የሰው ቆዳ ለዚያ ውኃ ምንም አይደለም። ውኃው መቶት ከሆነ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ሊመስል ይችላል፤ ከሥሩ ግን ቆሻሻ ውኃና አፈር ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በፕላስተር ሸፍኖ ሥራ መቀጠል እግር ሊያስቆርጥ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፣ ለሐኪሙም "ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ነው የመታኝ" በሉት። ይህን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አጥንታችሁ ያዙት፤ ሳትናገሩት ቀርታችሁ እንደ ተራ ጭረት እንዳይታይ።

አሁን ወደ ኖዝሉ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይህች ዋንዱ ጫፍ ላይ የምትገጠም፣ ውኃው የሚወጣባት፣ አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት።

እኛ የምንጠቀመው የሚሽከረከር ኖዝል ነው። ውኃው አንድ ቀጭን ጨረር ሆኖ ይወጣል፤ ጨረሩ ግን በፍጥነት እየዞረ ስለሆነ አንድ ነጥብ ላይ አይቆምም። ስለዚህ አፈሩን ይበትናል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይቆርጥም። ቀጥታ ኖዝል ግን ጨረሩን እንደ ቢላ አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል። የሚሽከረከረው ውስጡ ሴራሚክ አለው፤ አሸዋ ያለበት ውኃ እያለፈበት ሲቆይ ይበላል፣ ወይም ትንሽ ጠጠር ገብታ መዞሩን ታቆመዋለች።

ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር፣ ጥር ውስጥ፣ ከሬድ ዲር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የብረት የነዳጅ መስመር እየገለጥን ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 አልፏል። ኖዝላችን መዞር አቆመ። ኦፕሬተሩ "ትርፉን አምጣው" አለኝ። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የለም። ሌላውን ከፈትኩ፤ የለም። ባለፈው ሳምንት አውጥተን ተጠቅመንበት አልተካነውም ነበር። የቅርቡ መሸጫ ደርሶ መልስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። የቀጠረን ሰው አጠገባችን ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ኦፕሬተሩ ቀጥታውን ኖዝል ገጠመና "ግፊቱን ቀነስ አድርገን በጥንቃቄ እንጨርሰው" አለ። እኔ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሥልጠናው ላይ ተነግሮኛል። ግን አዲስ ነኝ፣ ቋንቋዬ ይሰበራል፣ ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ዝም አልኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጭቃው ሲሳብ ቢጫው የቧንቧ ልባስ ላይ መዳፌን የሚያህል ስንጥቅ ታየ፣ ከሥሩም ብረቱ አብረቀረቀ። ቧንቧው አልተበሳም፤ ለዚያ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ልባሱ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ብረቱ ከእርጥብ አፈር ጋር ከተገናኘ መዛግ ይጀምራል፤ ዛሬ ምንም ያልሆነ ቧንቧ ከዓመታት በኋላ በዚያች ቦታ ያፈሳል። ኦፕሬተሩ ሥራውን አቁሞ ለመስመሩ ባለቤት ደወለ። መርማሪ መጣ፣ ልባስ የሚጠግን ባለሙያ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ቃላችንን ሰጠን። ቀኑ በዚያ አለቀ። ያ ኦፕሬተር ጥፋቱን ሸፍኖ አፈር መልሶበት መሄድ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። እኔ ግን ዝምታዬ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ትራክ ላይ ሦስት የሚሽከረከሩ ኖዝሎች አሉ፤ አንዱ ዋንዱ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ክዳን ባላት ጣሳ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው። ከጎናቸው የጎማ ቀለበቶች፣ የክር ማሸጊያ ቴፕና ትንሽ ግራሶ አለ። አንዱ ሲወጣ ያኑ ዕለት ማታ ይተካል፤ ነገ አይባልም። ኖዝል ማርጀቱን የምለየው በዓይን ነው፤ ዋንዱን ወደ ባዶ መሬት አድርጌ ስከፍተው ውኃው እኩል ክብ መሥራት አለበት። ክቡ ከተጣመመ ወይም መሐሉ ከጠበበ ጊዜው አልፏል።

ከኖዝሉ ጋር ልኮቹን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ስንሠራ ግፊቱ ከ2,500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አያልፍም፤ መስመሩ 45 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ወደ 1,500 እናወርዳለን። የኖዝሉን አፍ ከመስመሩ 20 ሴንቲ ሜትር እናርቃለን፣ ዋንዱን አንድ ቦታ አናቆምም። የውኃው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ አይበልጥም፤ የፕላስቲክ የጋዝ ቧንቧና የገመድ ልባስ ሙቀት አይወዱም። የመስመሩ ባለቤት ከዚህ ጠበቅ ያለ ልክ ከጠየቀ የእሱ ይሠራል። እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጽፌ የሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፤ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር አያቸዋለሁ።

ስለ መሳቢያ ቱቦዎቹ ብዙ አልልም። ዲያሜትራቸው 8 ኢንች ወይም 6 ኢንች ነው፤ ርዝመታቸው የተለያየ ሆኖ ጎን ላይ በመደርደሪያ ይታሰራሉ፣ እርስ በርስም በማቀፊያ ይጋጠማሉ። ትርፍ ማቀፊያና ትርፍ ጓርኒሲዮን ያዙ፤ ጓርኒሲዮኑ አየር ካስገባ መሳቡ ይደክማል፣ እናንተም ጥፋቱ የሞተሩ መስሏችሁ ግማሽ ቀን ትባክናላችሁ። የመጨረሻው ቱቦ ጫፍ ላይ ጎማ መኖር አለበት፤ ባዶ ብረት ገመድ ላይ ሲያርፍ ይልጠዋል። ቦው ወንዝ አካባቢ መሬቱ ድብልብል ድንጋይ ስለሆነ ቱቦው ይታፈናል፤ ለዚያ የጎማ መዶሻ ይያዛል። በብረት መዶሻ የተመታ ቱቦ ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደው ደግሞ የሚቀጥለውን ድንጋይ ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። የ8 ኢንች ቱቦ አፍ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ የሚስብበት ኃይል ከ200 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። እጅ ወይም እግር ከገባ በጉልበት አይወጣም። ቫኩሙን ወዲያው የሚለቀው ማቆሚያ ረዳቱ ባለበት ቦታ ሆኖ እጁ የሚደርስበት መሆን አለበት። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ ማቆሚያው ሳይሞከር ከግቢ አንወጣም። የቡሙን፣ ማለትም መሳቢያ ቱቦውን የሚያነሣውን ክንድ፣ ሪሞት ትርፍ ባትሪም በደረቅ ቦታ፣ ካቢን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የራሳቸው ሳጥን አላቸው፤ ከግራሶም ከጭቃም ይለያሉ። ውስጡ የትራኩን አካል ከመሬት የሚያገናኝ ዘንግና ወፍራም ሽቦ፣ ሠራተኛው የሚቆምበት የብረት መረብ ያለው ምንጣፍ፣ ዋንዱንና ምንጣፉን ከትራኩ ጋር የሚያስተሳስሩ ገመዶች፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቡትና ጓንት አለ። የምንጣፉን ጥቅም ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ዋንዱ፣ ምንጣፉና ትራኩ ሲተሳሰሩ ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ላይ ይሆናሉ፤ ገመድ ቢነካ እንኳ በእጄና በእግሬ መካከል ልዩነት ስለማይኖር ኤሌክትሪኩ በእኔ ውስጥ የሚያልፍበት ምክንያት አይኖርም። አደጋ የሚመጣው ደንግጦ ከምንጣፉ የወረደ ጊዜ ነው። አንድ እግር ምንጣፍ ላይ፣ አንድ እግር መሬት ላይ ማድረግ ሊገድል ይችላል። መስመሩ ተቆርጧል እስኪባል ባሉበት መቆም ነው። ጓንቱን ከመልበሳችሁ በፊት አየር ሞልታችሁ ጠቅልሉትና እንደማያፈስ አረጋግጡ። የፈተናው ጊዜ ያለፈበት ጓንት እንደ ተራ ጓንት ነው የሚቆጠረው።

ወደ ላይ ማየትም አይረሳ። ቡሙ ሲነሣ ከላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ይኖራል። አልበርታ ውስጥ ከመስመሩ 7 ሜትር ውስጥ ከመሥራት በፊት የመስመሩን ባለቤት ማነጋገር ግዴታ ነው።

የጋዝ መለኪያው ደረት ላይ ይሰቀላል። አራት ነገር ይለካል፤ ኦክስጅን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። የመጨረሻው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያጠፋዋልና ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። መለኪያውን በየቀኑ በፍተሻ ጋዝ እንሞክረዋለን። የሙከራው ጋዝ ያለበት ትንሽ ሲሊንደር የማብቂያ ጊዜ አለው፤ ሲያልፍበት መለኪያው ደህና መስሎ ይዋሻል። ታንኩን ስናጥብም መለኪያው አብሮን ነው። ወደ ታንኩ ውስጥ ግን አንገባም። ጭቃው ሲጣበቅ የምንጠቀመው ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያና ማጠቢያ ዋንድ ነው፤ ሁለቱም ኋላ ላይ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። የኋላው በር ሲከፈት ከሥሩ የሚቆም ሰው የለም፣ የበሩም መደገፊያ ብረት ሳይገባ አንገት ወደ ውስጥ አይልም።

ክረምት ሌላ ሥራ ነው። የካልጋሪን ክረምት ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ትራኩ ላይ ያለው ሁሉ ውኃ ነው፣ ውጭው ደግሞ ውኃን ድንጋይ ለማድረግ አንድ ሩብ ሰዓት የሚበቃው ቀን አለ። የውኃ ማሞቂያው የሚያገለግለው ለቀዘቀዘው መሬት ብቻ አይደለም፤ ፓምፑንና ቱቦዎቹንም በሕይወት ያኖራቸዋል። ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላው ስንሄድ ውኃው በትራኩ ውስጥ እንዲዘዋወር እንተወዋለን። ቀኑ ሲያልቅ መስመሩን እናፈስሳለን፣ በአየር እንነፋዋለን፣ ከዚያ የማይቀዘቅዝ ፈሳሽ እናስገባለን። ስለዚህ ክረምት ላይ የማይጎድሉ ዕቃዎች አሉ። በመጀመሪያ የማይቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ከምናስበው በላይ ሁለት ጋሎን። ቀጥሎ ታይገር ቶርች የሚሉት የፕሮፔን ማቃጠያ፤ የቀዘቀዘ መቆለፊያና ማቀፊያ ለመፍታት። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አየር በሚያገኝ የውጭ ሳጥን ውስጥ ታስሮ ይሄዳል እንጂ ካቢን ውስጥ አይገባም። የተገለጠ መስመር ያለበት ጉድጓድ አጠገብም አይለኮስም፤ መለኪያው ዜሮ ቢልም አይለኮስም። ከዚያ የጎማ ሰንሰለት፣ ሸራ፣ የበረዶ አካፋ፣ ለበረዶ የሚበተን አሸዋ። ዋንድ የያዘ ሰው የሚቆምበት ቦታ በደቂቃ ውስጥ መስተዋት ይሆናል፤ ያን ቀን ከግፊቱ በላይ የምፈራው መንሸራተቱን ነው። ለጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ላስቲክ ርካሽ ነገር ነው፤ ራሳችሁ ግዙት።

ልብሱንም ልጥቀስ። እሳት የማይይዝ ቱታ ድርጅቱ ይሰጣል። ከላይ የሚደረብ ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ ፊትን የሚሸፍን መከላከያ፣ የጆሮ መሸፈኛም ይሰጣል። እናንተ ግን ሁለት ትርፍ ጓንት፣ ሁለት ትርፍ ካልሲና አንድ ትርፍ የውስጥ ልብስ በፕላስቲክ ቦርሳ ያዙ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የረጠበ ሰው እስከ ማታ በዚያው ከቆየ ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ ያልታዘዘ ጣት ደግሞ ማስፈንጠሪያ ላይ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ ችላ ሲባል የማየው ሳጥን ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ የሚከፈተው ነው። ሁሉም ስለ መቆፈሪያው ያስባል፤ ጉድጓዱ ግን እኛ ከሄድን በኋላም እዚያው ይቀራል። 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ፣ ረጅም የእንጨት ችካሎች፣ ብርቱካናማ የፕላስቲክ አጥር፣ የሚረጭ ቀለም፣ ኮኖችና መዶሻ እንይዛለን። አንድ ጊዜ ጣውላ አልቆብን ጉድጓዱን በኮን ብቻ ከበን ሄድን። ሌሊት ነፋስ ኮኖቹን ወሰዳቸው፣ በረዶ ደግሞ አፉን ሸፈነው። ጠዋት የመጣ ሰርቬየር አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ጉድጓዱ ጠባብ ስለነበር ተረፈ። አሁን ጣውላው በችካል ይያዛል፣ በላዩ "ጉድጓድ" ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ችካሉም ከበረዶው በላይ እንዲታይ ከወገብ በላይ ከፍ ይላል። ጣውላ ከሌለን ጉድጓዱ አሸዋ ተሞልቶ ይዘጋል እንጂ ክፍት አያድርም።

የሚረጨው ቀለም ቋንቋ አለው፤ በሰሜን አሜሪካ ሁሉ አንድ ነው። ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝና ነዳጅ፣ ብርቱካናማ የስልክና የፋይበር መስመር፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውኃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ፣ ሐምራዊ ለመጠጥ የማይሆን ውኃ፣ ሮዝ የቅየሳ ምልክት፣ ነጭ ሊቆፈር የታሰበበት ቦታ ነው። ይህን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አጥኑት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃል። ምልክት የሚያደርጉትን ሰዎች የሚጠራው ጥያቄ አልበርታ ውስጥ በዩቲሊቲ ሴፍቲ ፓርትነርስ በኩል ነው የሚገባው። የጥያቄው ወረቀት ትራኩ ውስጥ ከሌለ መቆፈር የለም። ምልክት አለ ብላችሁም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የተሳሳተ ምልክት አይቻለሁ፤ ሰማያዊ ብቻ በተቀባበት ቦታ ቀይ ገመድ ወጥቶልኛል።

የእጅ መሣሪያው ብዙ ነው፤ ግን የሚያውቀው ያውቀዋል። ትልቅና ትንሽ የቧንቧ መፍቻ፣ የመፍቻ ሙሉ ስብስብ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ዲጂኖ፣ ጠባብና ሰፊ አካፋ፣ የግራሶ ፓምፕ፣ ትርፍ የሃይድሮሊክ ቱቦና መጋጠሚያ። ዲጂኖውና ስለታም አካፋው መስመር አጠገብ አይነሡም። ለዚያ እጀታው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ጫፉ የደነዘዘ መፈለጊያ ዘንግ አለ። ለውኃ መሙያ የሃይድራንት (መንገድ ዳር ያለው የከተማው የእሳት አደጋ ውኃ መውሰጃ) መፍቻ፣ ቱቦና ውኃው ወደ ከተማው መስመር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ሃይድራንት አይከፈትም። የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን፣ የዓይን ማጠቢያ፣ ዘይት ሲፈስ የሚመጠው ዕቃና ታኮ በሕግም በደንብም ይፈተሻሉ። ታኮውን ጎማ ሥር ሳላስገባ ከትራኩ ርቄ አላውቅም፤ ያ ከጅቡቲ መንገድ ይዤው የመጣሁት ነው።

ይህ ሁሉ ክብደት አለው። የውኃው ታንክ ብቻ ጥቂት ሺህ ሊትር ይይዛል፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። እርጥብ ጭቃ ደግሞ በ1 ሜትር ኩብ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። የኋላው ታንክ 9 ሜትር ኩብ ቢይዝም እስከ አፉ ሞልቶ መንገድ መውጣት አይቻልም፤ ሚዛን ላይ ትያዛላችሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ፍሬኑ ይነግራችኋል። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ የማያገለግል ብረት አታጠራቅሙ። የተሰበረ መፍቻ፣ ያለቀ ኖዝል፣ የተቀደደ ጓንት ማታውኑ ይውጣ። ያለቀ ኖዝል ከአዲሱ ጋር አንድ ጣሳ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በቸኮላችሁበት ሰዓት እጃችሁ ላይ የሚገባው እሱ ነው።

አንዲት ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ደረት ኪሴ ውስጥ አሉ። እስክሪብቶ ይቀዘቅዛል፣ እርሳስ ይጽፋል። የእያንዳንዱን መስመር ጥልቀት፣ ዓይነትና ቀለም እጽፋለሁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ መለኪያ ዘንግ አቁሜ ፎቶ አነሣለሁ። የልባስ ጉዳት አይቼ ከሆነ፣ እኛ ያደረስነውም ይሁን ቀድሞ የነበረ፣ አፈር ሳይመለስበት ፎቶው ይነሣል፣ ስልኩ ይደወላል።

ሥራውን ለመግባት ለምትፈልጉ፦ እዚህ ረዳት ለመሆን ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ኤችቱኤስ አላይቭ (ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለመጠበቅ)፣ ግራውንድ ዲስተርባንስ 201 (በደህና ስለመቆፈር) እና የመጀመሪያ ሕክምና ሥልጠና ናቸው። ኦፕሬተር ለመሆን ክላስ 3 የሚባል የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ከአየር ፍሬን ፈቃድ ጋር ያስፈልጋል። አገር ቤት ከባድ መኪና የነዳችሁ ልምዳችሁን በማስረጃ አስደግፉ። ቋንቋው አያስፈራችሁ። አንድ ቃል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጮክ ብላችሁ መናገር ተለማመዱ፤ "ስቶፕ"። ይህን ቃል ረዳትም፣ አዲስ ገቢም፣ ማንም የመናገር መብት አለው። እኔ በዚያ ጥር ያልተናገርኩት እሱን ነው።

ያ ቡና ቤት ያገኘሁት ልጅ በኅዳር ሥራ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩዎት?"

"ኧረ ተነሥቻለሁ። ምነው?"

"ሳጥኑን ቆጠርኩት። ትርፉ ኖዝል የለም። ኦፕሬተሩ ሞተር አስነሥቶ ሊወጣ ነው።"

"ነገርከው?"

"ነገርኩት። 'አንድ አለን፣ ይበቃናል' አለኝ። እኔም አይበቃንም አልኩት። አሁን መጋዘን ገብቶ እየፈለገ ነው።" ትንሽ ዝም አለና፣ "አገኘው መሰለኝ፣ እየመጣ ነው። ልዝጋ ጋሼ" ብሎ ዘጋው።